እትዬ ዘይትና ሰላምታ የማያውቀው ሳጥን

ሰው ሁሉ እትዬ ዘይት ነው የሚላት። የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ናት፤ ማንም ደውሎ «መኪናዬ አስቸገረችኝ» ሲላት መጀመሪያ የምትጠይቀው «ለመሆኑ ዘይት አጠጥተሻታል?» ብላ ስለሆነ ስሙ በዚያው ወጣላት። ቅር ብሏት አያውቅም። እንዲያውም ድረ ገጽ የከፈተች ጊዜ ይህንኑ ስም ከላይ በደማቁ ጻፈችው።

ድረ ገጹን ራሷ ናት ያቆመችው። ከመንገድ ዳር ባለችው ጠባብ ክፍሏ፣ በተፈታቱ መኪናዎች መሀል ኮምፒውተሯን አስቀምጣ፣ ሱቋን ከመዝጋቷ በፊት የዕለቱን ጥገና ትጽፍበታለች። ክር የምትበጥሰዋ፣ ስፌት የምትዘለዋ፣ ጨርቅ ጎትታ የምትውጠዋ፣ ሁሏም እዚያ አለች። ግን የዓመታት ጽሑፍ እላይ በላይ ተከምሮ ማን ያንብበው! የሚፈልገውን ለማግኘት ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ሰው ጣቱ ይዝላል። ደንበኞቿስ ምን በወጣቸው? ይደውሉላታላ! እሷም ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ወትፋ፣ እጇ ከሥራው ሳይነሳ፣ ስትመክር፣ ስትቀልድ፣ ስትቆጣ ትውላለች።

እንግዲህ በምላሷ የምታድረው ይቺው ሴት ናት ጉሮሮዋን ታማ ቀዶ ጥገና የገባችው። ነፍሷ ተረፈች፣ ድምፅዋ ግን ጠፋ። ከጆሮ ሥር ካልተጠጉ የማይሰማ ሹክሹክታ ብቻ ነው የተረፋት። ስልኩ ይጮኻል፤ ታነሳለች። «ሄሎ? እትዬ? ሄሎ?» ይሏታል። ያለ የሌለ ጉልበቷን አሰባስባ ብትናገርም የሚሰሙት ትንፋሽ ነው፤ ይዘጉታል። ደንበኛው እየሳሳ ሄደ።

ታላቅ ወንድሟ መጣ። የወላጆቻቸውን ቤት እነሱ ካለፉ ጀምሮ የሚያስተዳድረው እሱ ነው፤ የመንገድ ዳሯ ክፍል ላይ ዓይኑን ከጣለ ደግሞ ቆይቷል።

«በቃሽ እህቴ፣ ድምፅሽ እስኪመለስ ዕረፊ» አላት። «ክፍሏን ላከራያት። የሚፈልጋት ሰው አግኝቻለሁ። ከሰው ጋር መነጋገር ካልቻልሽ ሱቅ ምን ያደርግልሻል?»

ጎንበስ አድርጋው ጆሮው ላይ፣ «ጋሼ፣ ወይ ፍንክች!» አለችው።

«ታዲያ በምን ልታናግሪያቸው ነው?»

በጣቷ ኮምፒውተሩን አሳየችው። ሳቀ። ባይስቅ ይሻለው ነበር። «እሺ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እናያለን» ብሎ ወጣ።

እሷም ገባችበት። ድረ ገጿ አናት ላይ መፈለጊያ ሳጥን ልትተክል ነው፤ ሰው ችግሩን ይጽፍና ትክክለኛው ገጽ ፊቱ ድቅን ይልለታል። መመሪያ አንብባ፣ ኮዱን ቀድታ ለጠፈች፤ ገጹ ጭራሽ ጥፍት አለባት። መልሳ አነሳችው፣ እንደገና ጠፋ። እልኋ መጣ። መኪና ፈታታ የምትገጥም ሴት በአንድ ሳጥን ልትሸነፍ ነው? በመጨረሻ ሠራ። «ክር» ብላ ጻፈች፤ ክር ያለበት ገጽ ሁሉ ተግተልትሎ መጣ። ብቻዋን አጨበጨበች። ለደንበኞቿም በሙሉ በስልክ መልእክት ላከች፤ «ከእንግዲህ እኔን የምታገኙኝ በሳጥኑ ነው» ብላ።

ከዚያስ? ከዚያማ ጉድ ፈላ። ሰው ይገባል፣ ይፈልጋል፣ «ምንም አልተገኘም» ይለዋል፣ ይወጣል። ምን ነካው ብላ ሰዎቹ ሳጥኑ ውስጥ የጻፉትን ከፍታ አየች።

«እትዬ እንደምን ዋልሽ፣ አልጠፋሁም፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ መኪናዬ ክር ትበጥሳለች።»

«ጤናሽ እንዴት ነው? ቤተሰብ ደህና? እኔ ነኝ፣ መጋረጃ ሰፊዋ። ያቺ ጉደኛ ዛሬም ስፌት ዘለለች።»

ለካ ሰዉ እንደ ስልኩ መስሎት ሳጥኑን ሰላም እያለ ነው! ሳጥኑ ደግሞ የተጻፈለት ቃል ሁሉ ያለበትን ገጽ ብቻ አምጣ ተብሏል። «አልጠፋሁም» የሚል ቃል የመኪና ጥገና ውስጥ ከየት ይምጣ? እትዬ ዘይት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ።

ወንድሟ ሰማና መፍትሔ ይዞ መጣ። «ሰላምታ አያስፈልግም፣ ችግራችሁን ብቻ ጻፉ የሚል ማስታወቂያ ለጥፊ።»

ደሟ ፈላ። «ደንበኞቼን ሰላም አትበሉኝ ልበላቸው? ሞቼ ነው ቆሜ? ሳጥኑ ይማር እንጂ!»

አስተማረችውም። የሰላምታ ቃላትን አንድ በአንድ ለቅማ፣ እነዚህን ስታይ እለፍ አለችው። ከቀሩት ቃላት ብዙዎቹ ያሉበትን ገጽ አስቀድም አለችው። ከመልሱ በላይ ደግሞ «ደህና ነኝ፣ እናንተስ? በሉ ወደ መኪናችሁ እንሂድ» የሚል ጨመረችበት። ሰው የሚፈልገውን ማግኘት ጀመረ። ቀላሉን እያነበበ ራሱ አስተካከለ፤ ከበድ ያለውን እየተሸከመ ሱቋ መጣ። መጋረጃ ሰፊዋማ ጉደኛዋን ታቅፋ ከች አለች።

አንድ ቀን የተጻፈውን ስታይ እንዲህ የሚል አገኘች፤ «እትዬ፣ ድምፅሽ ይመለሳል?» ሳጥኑም «ምንም አልተገኘም» ብሎ መልሷል። ወረድ ስትል ሌላ ሰው ይህንኑ ጠይቋል። ሌላም።

እጇ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። የጉሮሮ ሐኪሙ እንደማይመለስ ቁርጡን ነግሯታል፤ እሷ ግን ለማንም አልተናገረችም። ቤተሰቡ «ቀስ እያለ ይመለሳል» ሲል ራሷን ነቅንቃ ታልፋለች። አለቀሰች። ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና አዲስ ገጽ ከፍታ፣ «ድምፅሽ ይመለሳል?» የሚል ርዕስ ሰጥታ ጻፈች፤

«ድምፄ አይመለስም። ሐኪሙ ነግሮኛል። ታዲያ መኪና የምጠግነው በእጄ ነው እንጂ በጉሮሮዬ ነው? አልዘጋሁም፣ አልዘጋምም። ክፍሏም አትከራይም። ኑ።»

በወሩ መጨረሻ ወንድሟ ሲመጣ ወንበሯን ለቀቀችለት። የፈለገውን እንዲፈልግ ሳጥኑን አሳየችው። ትንሽ አመነታና በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ ጻፈ፤ «ድምፅሽ መቼ ነው የሚመለሰው?»

ገጹ ተከፈተ። አነበበው፣ ደግሞ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ።

«ምነው ሳትነግሪኝ?» አላት፣ እሱም በሹክሹክታ።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ፣ መልሶ አደረገው።

«ለተከራዩስ ምን ልበለው?» አለ በመጨረሻ።

እትዬ ዘይት መፍቻዋን አነሳች።

«እሱም ገብቶ ይፈልግና ያንብብ!»