የጓሮው ማማ

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ትምህርት ቤቱ ጋቢ አለበሰውና የግድግዳ ሰዓት ሸለመው። የሚሄድበት ለሌለው ሰው ሰዓት ምን እንደሚሠራለት ሸላሚዎቹ ያሰቡበት አይመስለኝም። እሱ ግን ሰዓቱን ሳሎን ሰቀለውና ከሥሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ «አሁን ተሰልፈዋል» ይላል። ትንሽ ቆይቶ፣ «አሁን ደወል ተደወለ» ይላል። ከዚያ እስከ ምሳ ድረስ ምንም አይልም።

ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። እኔ ዋጫ ከተማ እሠራ ስለነበር ቦንጋ የምመጣው ቅዳሜና እሁድ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሰልፍም ደወልም ስለሌለ አባቴ ጨርሶ አይናገርም ነበር።

አባቴ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። መምህር ብቻ ሳይሆን ዩኒት ሊደርም ስለነበር ዕድሜውን ሙሉ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አርጩሜ ይዞ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ አርፋጆችን ሲጠብቅ ኖሯል። እሱ ሲያስል ግቢው ጸጥ ይል ነበር። ዞን ቢሮ ውስጥ ወንበር የያዙ፣ ልጆች የወለዱ ሰዎች እንኳ መንገድ ላይ ሲያዩት ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ይከታሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሰዓት ሥር ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ እናቴን ፍርሃት ያዛት። አንድ ቅዳሜ ጎመን እየቀነጠሰች እንዲህ አለችኝ፦ «ጡረታ የወጡትን ጓደኞቹን አይቻቸዋለሁ። መጀመሪያ ይቀመጣሉ። ቀጥሎ ይተኛሉ። ከዚያ ድንኳን ይተከላል።»

ቤታችን ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ቁልቁለት ላይ ያለ ነው። ጓሮው እየወረደ ሄዶ ጅረት ጋ ይደርሳል፤ ከጅረቱ ማዶ ጫካ ነው። የጓሮው ባለቤት እናቴ ነበረች። ከቤቱ አጠገብ እንሰቱ፣ ቀጥሎ ጎመንና ጎደሬው፣ አጥሩን ተከትሎ ዱባው፣ ከታች በቆሎው። ከጫካው የሚመጡትን ጦጣዎች እንደ ግብር ሰብሳቢ ቆጥራቸው ነበር የምትኖረው፤ ጣሳ ትመታባቸዋለች፣ የወሰዱትን ይወስዳሉ፣ የቀረው ለኛ ይሆናል።

በዚያ ዓመት በቆሎው እሸት ሲይዝ አባቴ ለምን እንደሆነ እንጃ ጋቢውን ደርቦ ወደ ጓሮ ብቅ አለ። አንድ ትልቅ ወንድ ጦጣ አጥሩ ላይ ተቀምጦ በቆሎ ይልጣል። አባቴ አሳለ። ጦጣው ቀና ብሎ አየውና መላጡን ቀጠለ።

ያን ቀን ምሳ ላይ አባቴ በወራት ውስጥ ያልተናገረውን ያህል ተናገረ። «አየኝ እኮ! አላየኝም ብል ይሻለኝ ነበር። አይቶኝ ነው የላጠው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።» እናቴ ወጥ ጨመረችለት። እሱም ሳያውቀው በላ።

በሳምንቱ ስመጣ ጓሯችን ውስጥ ማማ ቆሟል። አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ የቀርከሃ ወለል፣ የሣር ክዳን፣ መሰላል። ገጠር ለበቆሎ ጥበቃ ማማ መሥራት ያለ ነው፤ ቦንጋ ከተማ መሐል፣ ለአንድ ጓሮ በቆሎ ማማ የሠራ ግን ከአባቴ በፊት አልሰማሁም። ሰፈሩ ሳቀብን። እኔም ስቄአለሁ። አባቴ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይወጣል፣ ለምሳ ይወርዳል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሶ ይወጣል። ወንጭፍ አለው፣ ጅራፍ አለው፣ ፊሽካውንም ከሳጥን አውጥቶ አንገቱ ላይ መልሶታል።

ፊሽካው መጀመሪያ ሰሞን በደንብ ሠራ። ከዚያ ጦጣዎቹ ለመዱት። ፊሽካ ሲነፋ ቆም ይላሉ፣ ማማውን ያያሉ፣ ወንጭፉ እስኪነሣ ድረስ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በግምገማ የሚታመስበት ወቅት ነበር፤ እናቴ ለምሳ ሲወርድ፣ «መምህር፣ ዛሬስ ገመገምካቸው?» ትለዋለች። እናቴም እንደ ሰፈሩ ሰው መምህር ነበር የምትለው። «ገምግሜአቸዋለሁ፤ ሂሳቸውን አልዋጡም» ይላል እጁን እየታጠበ። ያንን ትልቁን ወንድ የክፍል አለቃ ብሎ ሾመው። ማን ቀድሞ እንደመጣ፣ ማን እንዳረፈደ፣ የትኛዋ እናት ልጇን እያዘለች ለሌብነት እንደምታሰለጥን ምሳችንን እስክንጨርስ ይተርክልናል።

ወንጭፍ ግን አይችልም ነበር። ድንጋዩ ጦጣውን ስቶ ከጎረቤታችን ቆርቆሮ ላይ ያርፋል። ጎረቤታችን ከወልቂጤ በኩል መጥተው ሱቅ የከፈቱ፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው ሴት ናቸው፤ አንድ ቀን ነጠላቸውን አስተካክለው ከማማው ሥር መጥተው ቆሙ።

«መምህር፣ ድንጋዩንስ እችለዋለሁ» አሉ ወደ ላይ እያዩ። «ያልቻልኩት ዓይንዎን ነው። ጓሮዬ ግልጥልጥ ብሎ ይታይዎታል። እኔም ሰው ነኝና ገላዬን እታጠባለሁ።»

አባቴ ይህ ጨርሶ አልታሰበውም ነበር። ፊቱ ተለዋወጠ፣ መሰላሉን ሳያይ ሊወርድ ሲል ሊወድቅ ነበር። «ዛሬውኑ ይፈርሳል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። እናቴ ከእንሰቱ መሐል ድንገት ብቅ አለች። «አይፈርስም» አለች። ከዚያ እትዬን ክንዳቸውን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻቸው። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ ስለ ድንኳኑ ሳትነግራቸው አልቀረችም። ሲወጡ ዓይናቸው ቀላ ብሏል፤ ስምምነቱም ተፈጽሟል። በእትዬ በኩል ያለው የማማው ጎን በሰሌን ይጋረዳል። ሰሌን ደግሞ ቀዳዳ አያጣምና፣ እትዬ ወደ ጓሮ ሲወጡ ጣሳ ይመታሉ፤ ጣሳው ሲጮህ አባቴ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል። ዞሮም ይቆያል፣ እሳቸው ጨርሰው ደግመው እስኪመቱ።

አባቴ ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም። አንድ ቅዳሜ ጦጣዎቹ በቆሎው መሐል ተሰማርተው፣ እሱ ወንጭፉን እያዞረ ሳለ ጣሳው ጮኸ። ወንጭፉን አስቀምጦ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እትዬ ደግሞ ያን ቀን ፀጉራቸውንም መታጠብ አምሯቸው ነበር። ሁለተኛው ጣሳ ሲመታ ከበቆሎው አንድ መደብ አልቋል። ጦጣዎቹ ጠግበው ከሄዱ በኋላ አባቴ ጅራፉን ቢያጮህ እናቴ ከታች፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብላ ሳቀችበት። እሱም ሳቀ። ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቼ ነበርና እኔ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው ዓመት በቆሎው እሸት ሊይዝ ሲል እኔ ብልህ ነኝ ብዬ አንድ ነገር አደረግሁ። ዋጫ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ለበቆሎ ጥበቃ ያሠለጠኑት ውሻ ነበራቸው፤ እንዲሰጡኝ ለምኜ ወሰድኩት። የሚኒባሱ ረዳት ውሻ አልጭንም ብሎ ስለተጣላን ከእህል ጋር በጭነት መኪና አመጣሁት። ውሻው ጉድ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ቅጠል ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ሳምንት ሳይሞላው ጦጣ የሚባል ከጓሯችን ጠፋ።

ምስጋና እየጠበቅሁ ቅዳሜ መጣሁ። አባቴ ሰዓቱ ሥር ተቀምጧል።

«ውሻሽ ጎበዝ ነው» አለኝ። «ሥራውን ያውቃል።»

ወጥ ቤት ስገባ እናቴ ጭልፋውን አስቀምጣ ዞረችብኝ። «ማን አምጪ አለሽ?» አለች።

በሳምንቱ ውሻው የለም። የእትዬ ወንድም ቢታ ገነት ከተማ ቡና ይነግዱ ነበርና ለእሳቸው ተሰጥቷል። «ጫጩት በልቶብኝ ነው» አለች እናቴ፣ አባቴም እኔም እየሰማን። ቤታችን ጫጩት ከታየ ዓመት አልፎት ነበር። አባቴ «ውሻ ሲለምድ መጥፎ ነው» ብቻ አለ።

እሁድ ማለዳ ጎመን ልቆርጥ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እናቴ ሳፋ በነጠላዋ ሸፍና ቁልቁል ትወርዳለች። ተከተልኳት። ከአጥሩ ጥግ አንድ ጉቶ አለ፤ እሸት በቆሎና የበሰለ ሙዝ እያወጣች ጉቶው ላይ ደረደረች። እዚያው አጠገብ አጥሩ ጦጣ በሚያሾልክ ልክ ተከፍቷል፤ እንጨቶቹ በደንብ ተነቅለው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጦጣ ነቅሎ እንደዚያ አያስቀምጥም።

«እማዬ» አልኳት።

«ዝም በይ» አለች ሳትዞር። «ከሄዱ በኋላ እስኪለምዱ ጊዜ ይፈልጋል።»

«በቆሎው ከየት መጣ? የኛ ገና አልደረሰም።»

«ከገበያ ነው።»

የኛን በቆሎ እንዲሰርቁ ጦጣዎቹን ከገበያ በተገዛ በቆሎ ታባብላለች። ሳቄ መጣ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«በቆሎ ከገበያ ይገዛል» አለችኝ ሳፋውን በነጠላዋ እያበሰች። «እሱን ከየት እገዛለሁ?»

ጦጣዎቹ ተመለሱ። የክፍል አለቃውም መጣ። አባቴ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አደረገና ማማው ላይ ወጣ፤ ምሳ ላይም የማን ልጅ እንዳደገ፣ ማን ከክፍል እንደቀረ ነገረን። እናቴ እየሰማች ወጥ ትጨምርለታለች። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ቅዳሜ ሳቄን እንደያዝኩ አሳልፋለሁ። አንጀቴንም ይበላኝ ነበር። አባቴ እኮ ዕድሜውን ሙሉ ተማሪ ሲያታልለው በዓይኑ የሚይዝ ሰው ነው፤ አሁን ሚስቱ በአንድ ሳፋ በቆሎ እያታለለችው ነው እል ነበር።

አንድ እሁድ እንደነጋ አባቴ ቀድሞ ወጥቶ ነበርና ሻይ ይዤለት ማማው ላይ ወጣሁ። እስከዚያ ቀን ወጥቼ አላውቅም። እሱ አጠገብ ተቀምጬ ዙሪያዬን አየሁ። ጅረቱ ይታያል። የዱባው አበባ አንድ በአንድ ይታያል። አጥሩ ይታያል፣ የተከፈተው ቦታ ይታያል፣ ጉቶው ይታያል፣ የወጥ ቤታችን በር ይታያል። የተጋረደው የእትዬ ጓሮ ብቻ ነበር።

ወዲያው የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። እናቴ ሳፋዋን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ወደ ላይ አላየችም፤ ባሏ ገና የተኛ መስሏታል።

አባቴ ሻዩን ቀርከሃው ላይ አስቀመጠ፤ ከዚያ ልክ የእትዬ ጣሳ እንደተመታ ሁሉ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«ጨርሳ ስትገባ ንገሪኝ» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ውሻው ጫጩት ከበላ ጀምሮ» አለ መንገዱን እያየ።

«ታዲያ ለምን ዝም ትላለህ?»

«እናትሽ ድሮ ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምታየው እኔን ነበር፤ እተነፍስ እንደሆን። አሁን ተነሥታ ሳፋዋን ነው የምትፈልገው።» ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰ። «ካልወጣሁ ለማን ትደክማለች?»

እናቴ በቆሎውን ደርድራ፣ ባዶውን ሳፋ በጎኗ ይዛ ሽቅብ ተመለሰች። ስትሄድ ቀልጠፍ ብላለች፤ የሆነ ነገርም ታንጎራጉራለች። በሩ ተዘጋ።

«ገባች» አልኩት።

አባቴ ዞረ። ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ በኃይል ነፋው።

«መምህር፣ መጡ እንዴ?» አለች እናቴ ከወጥ ቤት።

«መጡ» አላት።

አጥሩ ላይ ገና አንድም ጦጣ አልነበረም።