መርዶ ነጋሪው ጋሼ ባየ

እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ፣ ሺምሾን ሰፈር ውስጥ ጋሼ ባየ በማለዳ የሰው በር ሲያንኳኩ ከታዩ፣ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይከተላቸዋል። ሃያ ዓመት ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የሚታወቁት ግን በመርዶ ነው። ማንም አልሾማቸውም። አንዴ በደንብ ነገሩ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይልቀቃቸው!

ብቻውን ላለ ሰው አይነግሩም፤ እህል ላልቀመሰም አይነግሩም። «ቁርስሽን በልተሻል?» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ የሟቹን ልጅነት ያነሳሉ፣ ከዚያ ሕመሙን፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ። ስለ ቁርስ ከጠየቁ ሰው እንደሞተ የማያውቅ የለም። እሳቸው ብቻ ምስጢር ይመስላቸዋል።

ማክሰኞ ማለዳ የእትዬ ደጅይጥኑ የልጅ ልጅ፣ ኖፋር፣ ደወለችላቸው፤ አማርኛዋ ከዕብራይስጥ ጋር የተቀላቀለ ነው።

«ሳባ ባየ፣ የሳቭታ ወንድም፣ ፈቃዱ፣ ጎንደር ላይ ኒፍጣር። አብረን ሄደን አንተ ንገርልኝ፣ በሴደር?» የሳቭታ፣ የአያቷ፣ ወንድም ሞቷል ማለቷ ነው።

«የአያትሽ ስልክስ?» አሉ ጋሼ ባየ።

«እሱን ነው የፈራሁት» አለች ኖፋር። አያቷ ማንበብ ስለማይችሉ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ስልካቸው ላይ የጫነችላቸው እሷው ናት። የመጣውን መልእክት ሁሉ አሳጥሮ በአማርኛ ያነብላቸዋል። የጎንደር ዘመዶች ደግሞ መርዶውን እሑድ ዕለት ለሁሉም ጽፈው ልከዋል።

ጋሼ ባየ ጫማቸውን በትክክል ሳያስሩ ወጡ። ሴትዮዋ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ልባቸውም ደካማ ነው። ብቻቸውን ሰምተውት ከሆነስ?

ኖፋር ደጃፉ ላይ ጠበቀቻቸው፤ እትዬ ደጅይጥኑ በሩን ከፈቱ። ቤቱ ተጠርጓል፤ ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ጋሼ ባየ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣

«ቁርሴን በልቻለሁ» አሉ እትዬ ደጅይጥኑ።

ሽማግሌው ከደጃፉ ሳያልፉ ጠየቁ፦ «ማን ነገረሽ?»

«ስልኩ። እሑድ ጠዋት። ‹ወንድምሽ ሞቷል፣ ቀብሩም ተፈጽሟል› አለኝ። አስከትሎ ‹ሌላ ምን ልርዳሽ?› አለኝ።»

«ታዲያ ሁለት ቀን ሙሉ ሳታለቅሺ?»

«በምን አምኜው? ባለፈው ሳምንት የሐኪም ቀጠሮዬን ቀን አሳስቶ አንብቦልኝ በከንቱ ደክሜ ተመልሻለሁ። ይህንንም ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። እውነት ከሆነ ጋሼ ባየ ይመጣሉ፤ ካልመጡ ወንድሜ አለ። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እርስዎ እንዳይሆኑ ፈጣሪን ስለምን ነበር።»

«ሳቭታ፣ ስሊኻ፣ ይቅር በይኝ» አለች ኖፋር፤ አያቷን አቅፋ እንባዋን ለቀቀችው።

ጋሼ ባየ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መዋሸት አማራቸው። ስልኩ ተሳስቷል ብለው ቢመለሱ! ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ የእትዬ ደጅይጥኑን እጅ ያዙና፣ ሴትዮዋ ምንም እንዳልሰሙ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«ፈቃዱ ልጅ ሳለ ወንዝ መሻገር ይፈራ ነበር። አንቺ ነበርሽ አዝለሽ የምታሻግሪው።»

እትዬ ደጅይጥኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ያን ጊዜ መጣ።

«ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ ባየ» አሉ። «ገና እዚያ አይድረሱብኝ።»