መልስ ያልሰጠው በር

የባለቤቴ አጎት ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝዋይ ሐይቅ መሃል ባለች ትንሽ ደሴት የኖሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ጥቅምት ለዓይን ሕክምና መጥተው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ እኛ ቤት አረፉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርት ልገዛ ወደ ጠመንጃ ያዥ ገበያ ስወጣ ካልተከተልኩሽ አሉኝ። ገና በሬን ስቆልፍ የጎረቤት በር ማንኳኳት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ምን ፈልገው ነው?»

«ገበያ ልንሄድ አይደል? ምን እናምጣላችሁ ልላቸው ነው። እኛ ጋ ሁሉም ቤት መልስ ሳይሰጥ ጀልባ አይነሳም። ጨው ያለቀበት ሰው ዋኝቶ አይሄድ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንዱ ጎረቤት በፒጃማ ወጥቶ እሳቸውንና እኔን እያፈራረቀ አየ። ሌላዋ የምንሸጠው ዕቃ ያለ መስሏት «አንፈልግም» ብላ ዘጋች። ከእኛ ትይዩ ያለው በር ግን ጭራሽ ዝም አለ።

«ይተዉት፣ ባዶ ቤት ነው» አልኳቸው። «አምስት ዓመት እዚህ ስኖር ሰው ሲገባም ሲወጣም አላየሁም።»

«የእግር መጥረጊያው እኮ ተራግፏል» አሉና ማንኳኳታቸውን ቀጠሉ። እኔ ዘንቢሌን ይዤ ደረጃው ላይ ተገትሬ ቀረሁ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊት ከፈቱ። ጋሽ ደምሴ ሲጠይቋቸው ምንም ሳይገረሙ ጨውና ሻማ አዘዙ። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝና ወደ እሳቸው ዞረው፣

«ይቺስ እንግዳ፣ አብራዎት ነው የመጣችው?» አሉ።