የኬሚካል የለሹ ሰላጣ

ሰላጣውን ከሥሩ በቢላ ይቆርጠዋል። የውጪዎቹን ቅጠሎች ገንጥሎ ይጥላል። የቀሩትን አንድ በአንድ ፈልቅቆ በሚፈስ ውሃ ስር ይይዝና አፈር የሚደበቅበትን ግርጌ በአውራ ጣቱ ያሻል። ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል፤ ትል ካገኘ «ደህና አደርክ» ብሎ ያነሳዋል፤ እንደገና ያጥባል።

«አውቶቡሱን እንኳ እንዲህ አጥበህ አታውቅም» ትለዋለች ሚስቱ ከማጀት።

እውነቷን ነው። ሹፌር በነበረበት ዘመን አጣቢ ነበረው፤ አትክልት ማጠብ ደግሞ የጀመረው በቅርቡ ነው።

ጡረታ እንደወጣ ጓሮውን ቆፍሮ ሰላጣና ካሮት ተከለ። ሰፈሩ «ኬሚካል የለሹ» ያለው አፉ «ኬሚካል የለውም» ከማለት አላርፍ ስላለ ነው። ፀረ ተባይ አይረጭም፤ የፋብሪካ ማዳበሪያ በበሩ አያልፍም። ከዶሮ እርባታ በጋሪ የሚያመጣውን ኩስ ግን ትኩሱን፣ እንፋሎቱ ሳይበርድ፣ መደቡ ላይ ይበትነው ነበር። ገዢ ሲመጣ ቅጠል ቀንጥሶ ሱሪው ላይ ጠረግ ያደርግና ይገምጥ ነበር። «መድኃኒት ቢነካው ይህን አደርግ ነበር?» አፉ ከሞላ ሰው ጋር ማን ይከራከራል?

ከጓሮው ዝቅ ብሎ የዓሣ ኩሬ ያለው ጎረቤቱ ብቻ ሞክሮ ነበር።

«ጋሼ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ኩስህ ኩሬዬ ውስጥ ይገባል። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል፤ ዓሣዎቼ አየር አጥሯቸው አፋቸውን ከላይ እያወጡ ነው።»

«የተፈጥሮ ነገር ተፈጥሮን አይጎዳም።»

«ይህን ለዓሣዎቹ ንገራቸው።»

አልነገራቸውም። ይልቅ አንድ ጋሪ ጨመረ፤ ጥሩ ነገር ሲበዛ የበለጠ ጥሩ ይሆናል ብሎ።

ከዚያ ሴት ልጁ የመጀመሪያዋን አርግዛ ልታርፍ እሱ ዘንድ መጣች። «ብዪ እናቴ፣ ለሁለት ነው የምትበዪው» እያለ በየምሳው ጥሬ ሰላጣ ያስጎርሳት ጀመር። አንድ ቀን ትውከቱ፣ ተቅማጡና ትኩሳቱ ባንድ ላይ ጣሏት። ክሊኒክ ሲደርሱ ሐኪሟ ትኩሳቱ ቶሎ ካልወረደ ለፅንሱም እንደሚያሰጋ ነገረቻቸው።

«ምን በላች፣ አባት?»

«ከኔ ጓሮ ሌላ ምንም» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ኬሚካል የሚባል ነክቶት አያውቅም።»

«የሚጠቀሙት ፍግ ጀርሙ እስኪሞት በደንብ የበሰበሰ ነው?»

«ምን በወጣው! ከዶሮዋ ቀጥታ ነው።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ግሉኮስ የተሰካላት ልጁ ዓይኗን ሳትከፍት፣ «አባዬ፣ በናትህ ዝም በል» አለች። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ነድቶ አንድ አጥር ገጭቶ የማያውቅ ሰው፣ ያን ቀን ግድግዳ ገጨ፤ ያውም በአፉ።

ሐኪሟ ማዳመጫውን የልጁ ሆድ ላይ አድርጋ ስታዳምጥ እሱ እንደ ተከሳሽ ቆሞ ፊቷን አየ። ቆይታ ቆይታ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ የፅንሱ ልብ ይመታል። ያኔ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

ልጁ አገግማ ስትወጣ የመደቡን ሰላጣ ሁሉ ነቀለ። ኩሱን ከኩሬው አርቆ ከምሮ፣ ሸፍኖ፣ እያገላበጠ ያበሰብስ ጀመር። የጎርፉንም መውረጃ አዞረ። ከዚያ ደንበኞቹን ቤት ለቤት ዞረ፤ ይህ ከሁሉ ከበደው።

«የሸጥኩላችሁ የዶሮ ኩስ ነው፤ ሰላጣው ምርቃት ነበር» አላቸው። «ከእንግዲህ እጠቡት። ማጠብም ሁሉን አያወጣም፤ ነፍሰ ጡር ካለች ቀቅላችሁ ስጧት።»

ግማሾቹ ሳቁ፤ ግማሾቹ ሌላ ሻጭ ፈለጉ። እሱም በነሱ ቦታ ቢሆን ይሸሽ እንደነበር አልካደም።

ልጁ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። እሷ በየሄደችበት ቤት ከሰው ማዕድ ትበላለችና ይህን የምታነቡትን ሁሉ አንድ ነገር ይለምናል፦ ሻጭ «ኬሚካል የለውም» ሲላችሁ፣ እኔም ብሆን፣ እባካችሁ «እሺ፣ ምን አለው?» ብላችሁ ጠይቁ።