ከእናቴ በስተግራ

ዳማከሴ ሲታሽ የሚወጣው ሽታ ዛሬም አይለቀኝም። ኮን ከተማ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ሥር በቅሏል፤ ራሱን ያመመው ተማሪ ሁሉ ቅጠሉን እየቀነጠበ በመዳፉ ሲያሸው ሌላውን ሰው መድኃኒት ይሸተዋል፣ እኔን ግን ፍርሃት ይሸተኛል። ላሊበላ ያለው ቤታችንና የእናቴ ራስ በሻሽ ጥፍንግ ተደርጎ የታሰረበት ክረምት ይመጡብኛል።

ነገሩ የጀመረው በፍልሰታ ጾም ነው። እናቴ ከቅዳሜ ገበያ ስትመለስ ከሰፈራችን በላይ ያለው ቁልቁለት በዝናብ ሙልጭልጭ ብሎ ኖሮ አዳለጣትና ወደቀች፤ ከቀኝ ጆሮዋ በላይ ጭንቅላቷን ድንጋይ መታት። ደም አልፈሰሳትም። ጎረቤቱ ደንግጦ ሲሮጥ እሷ ጭቃዋን እያራገፈች ተነሥታ፣ «ይልቅ ድንጋዩን እዩልኝ፣ ተሰንጥቆ እንዳይሆን» ብላ ሰዉን ሁሉ አሳቀችው። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ጥርሳቸውን አሳይተው መሳቅ አይወዱም፤ ሳቅ ሲመጣባቸው ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ከፍ ያደርጉ ነበር፣ ያን ዕለትም እንደዚያው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ራሷን ያማት ጀመር። ከብልባላ ልትረዳን የመጣችው ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ ደስታ፣ ምች ነው ብላ ዳማከሴ እያሸች ታጠጣት፣ አናቷን ቅቤ ትቀባትና በሻሽ ታስርላት ነበር። እናቴ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ይጥላት ጀመር፤ ሰውም የጾም ድካም ነው አለ።

እዚህ ላይ የመቀመጫችንን ነገር መናገር አለብኝ። እናቴ መደቡ ላይ በሩን በስተቀኟ አድርጋ ትቀመጥ ነበር፤ እኔም ቀኝ እጇ ለሥራ እንዲፈታላት ከግራዋ፣ በእሷና በግድግዳው መካከል እየገባሁ እለጠፍባት ነበር። ጉርሻውም፣ ቁንጥጫውም፣ ተረቱም የሚደርሰኝ እዚያው ሆኜ ነው።

መስከረም ሲጠባ እናቴ እዚያ ቦታ ላይ እኔን ማየት ተወች። ስጠራት አንገቷን ወደ በሩ ታዞርና «ማን ነው?» ትላለች። ነጠላዋን ብጎትተው ንቅንቅ አትልም። አንድ ቀን ትንፋሿ እየተሰማኝ ተለጥፌባት ሳለሁ፣ ጓዳ ያለችውን አክስቴን ልጅቷ የት ሄደች ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ቀልደኛ ናትና አክስቴ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ሌላም ነገር ነበር። ምግብ ሲቀርብላት ከትሪው በስተቀኝ ያለውን ብቻ በልታ ግራውን እንዳለ ትተወው ነበር። አክስቴ ለልጇ ስታስተርፍ ራሷን ጎዳች እያለች ለጎረቤት ታወራላት ነበር፤ እናት ለልጇ ማስተረፏን ማን ይጠረጥራል? ግራ እጇ ጭኗ ላይ ተኝቶ ሲውልም ማንም ልብ አላለም፤ በግራ እጁ የሚበላም ሆነ የሚጨብጥ የለማ።

የሞተ ሰው ነፍስ እስከ አርባው ድረስ ከቤቱ አትርቅም፣ ዘመዶቿን ታያለች እነሱ ግን አያዩአትም ሲባል ሰምቼ ነበር። ስለዚህ ሳላውቀው ሞቼ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ውሻችን ጅራቱን ሲቆላልኝ ደስ ሊለኝ ሲል፣ ውሻ ነፍስ ያያል መባሉ ትዝ ብሎኝ ባሰብኝ። አክስቴ ውኃ ቅጂ ብላ ስትቆጣኝ ደግሞ፣ ካልሞትኩማ እናቴ ጠልታኛለች ማለት ነው ብዬ ፈራሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል መምረጥ አቃተኝ፤ ከቤት ወጥቼ አጥር ሥር እየተቀመጥኩ አለቅስ ነበር።

መስቀል ሊገባ ሲል አባቴ ከቤተ ማርያም ቀድሰው ሲመለሱ ደጃፍ ላይ ጠበቅኋቸውና፣ «አባ፣ እታይዎታለሁ?» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ከፍ ሊያደርጉ ሲሉ ፊቴን አይተው ተዉት። ተቀምጠው ሁሉን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ እጄን ይዘው አስገቡኝና ከእናቴ በስተግራ አቆሙኝ፤ ራሳቸው በበሩ በኩል ሆነው፣ «ልጅሽ የታለች?» አሏት።

«እኔ ምኑን አውቄ፤ እርስዎ ጋ ናት ብዬ» አለች።

አባቴ በመጡበት ዞረው እኔን ወደ ቀኟ አመጡኝ። የእናቴ ፊት በራ። «ውይ ልጄ፣ የት ከርመሽ ነው? ስፈልግሽ!» ብላ በአንድ እጇ ጎትታ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ። በደስታ እያለቀስኩ ቀና ስል የአባቴን ፊት አየሁት፤ አመድ መስሏል። እስከዚያን ቀን ድረስ ፍርሃት የልጆች ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከመሞቴም፣ ከመጠላቴም በላይ ያስፈራኝ ያ ፊት ነው።

አክስቴ ጠበል እንውሰዳት አለች። አባቴ ጠበሉ አይቀርም፣ አስቀድሞ ሐኪም ይያት ብለው በማግስቱ ትልቅ ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ይዘዋት ሄዱ፤ እኔም ከአክስቴ ጋር ብልባላ ገባሁ። በጥቅምት ሰዉ ሁሉ አጨዳ ላይ ነበር፤ ሐኪሞቹ የእናቴን ራስ ከፍተው ሊያክሟት እንደሆነ ተነግሮን ስለነበር፣ አክስቴ ማጭዷን በያዘች ቁጥር ትክዝ ትልና፣ ራሱ ተከፍቶ የዳነ ሰው ሰምታ እንደማታውቅ ለራሷ ታጉረመርም ነበር። ስልክ ሲደወል ጆሮዬን እይዝ ነበር፤ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላልና መርዶ እንዳልሰማ።

ዛሬ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቀኙ የአንጎል ክፍል የሰውነታችንን ግራ እንደሚገዛ፣ የነርቭ ሴሎች መልእክት ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበሉ እንደሚያደርሱ ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ። እናቴ ስትወድቅ ከራስ ቅሏ ሥር ቀጭን ደም ሥር ተበጥሳ፣ ደሙ ለሳምንታት ጥቂት በጥቂት እየተጠራቀመ ቀኙን አንጎሏን ተጭኖት ነበር። ዓይኗ ምንም አልሆነም፤ ዓይኗ ያየውን የሚቀበለው ክፍል ግን ግራውን ዓለም ከነልጇ ዘነጋው። ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ፍርሃቴ ይቀል ነበር ወይ? አይመስለኝም።

በኅዳር ወደ ላሊበላ ቤታችን ተመለሰች፤ እኔም ከብልባላ መጣሁ። ሻሿ ሲፈታ ጠጉሯ ተላጭቷል። በአገራችን ሴት ጠጉሯን የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነውና፣ ያዘነችው ለእኔ መሰለኝ። ዞሬ ከግራዋ ቆምኩ። ቀስ ብላ አንገቷን መለሰች፣ አየችኝ፣ ግራ እጇንም ዘረጋችልኝ።

እናቴ አሁን አርጅታለች፣ ደኅና ናት። ያን ወራት ጨርሶ አታስታውሰውም፤ ስነግራት «ቀጣፊ፣ አንቺን ላላይ?» ትለኛለች። ያኔ እንድታየኝ ነጠላዋን እጎትት ነበር። ዛሬ ከኮን በመጣሁ ቁጥር ድምፄን ሳላሰማ ገብቼ ከግራዋ እቆማለሁ፤ ዞር ብላ «ምን ይገትርሻል፣ አረፍ በይ እንጂ» እስክትለኝ ድረስም፣ ስለ አንጎል ያን ሁሉ የማስተምረው እኔ፣ በሕይወት ስለመኖሬ እርግጠኛ አይደለሁም።