ሳልስቅ የተቀጣሁበት ክረምት

እኔ ስቆጣም፣ ሲርበኝም፣ ጥርሴን ሲያመኝም ፊቴ ይስቃል። የላይኛው ከንፈሬ አጠር ብሎ ስለተፈጠረ ጥርሶቼን ሸፍኗቸው አያውቅም፤ ዓይኖቼም ጥግ ጥጋቸው ሰብሰብ ያለ ነው። አቀስታ፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ ይሄ ነገር ማንንም አስቸግሮ አያውቅም ነበር። ችግሩ የመጣው ለውትድርና ተመልምዬ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለ ማሰልጠኛ የገባሁ ዕለት ነው።

አሰልጣኛችን አንድ አስር አለቃ ነበር፤ አጭርና ቀጭን፣ ድምፁ ግን ሜዳውን የሚሞላ። በመጀመሪያው ሰልፍ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ።

«ምን ያስቅሃል?»

«አልሳቅኩም፣ አስር አለቃ!»

«ታዲያ ጥርስህ ውጭ ምን ይሠራል?»

«መኖሪያው ነው፣ አስር አለቃ!»

እውነቴን ነበር የመለስኩት። ሰልፉ ግን በሳቅ ፈረሰና እኔ በዝናብ የራሰውን ሜዳ እንደ እንቁራሪት እየዘለልኩ ዞርኩት።

ከጎኔ የሚሰለፈው የወረኢሉ ልጅ ደግሞ የእኔ ተቃራኒ ነው። ከከብት ነጋዴ ቤት ጠግቦ ያደገ፣ ሐዘን የማያውቅ ተጫዋች ነው፤ ፊቱ ግን ትናንት ዘመድ የቀበረ ይመስላል። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ያወራል። «አየኸው? ቀበቶው ነው እኮ እሱን የታጠቀው» ይላል ስለ አስር አለቃው። አስር አለቃው ዞር ሲል አንድ ሐዘንተኛና አንድ ሳቂታ ያገኛል፤ የሚቀጣው ሳቂታው ነው። አንድ ቀን እኔ ስዘል እያየ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አስር አለቃው ጠጋ ብሎ ጀርባውን መታ መታ አደረገውና «አይዞህ፣ ለጓደኛህ ብለህ አታልቅስ። በል ሂድ ትንሽ አረፍ በል» አለው። ሄዶ ተኛ!

ፊቴን ለማስተካከል ያልሞከርኩት ነገር የለም። ከንፈሬን ነክሼ ብቆም «ሳቁን አፍኖ ነው» ተባልኩ። የሞተችብንን ላም እያሰብኩ ልዘን ብል፣ ላሟ ጎረቤታችንን እስከ በራቸው ድረስ ያባረረችበት ቀን ትዝ አለኝና እውነተኛ ሳቅ አመለጠኝ። ብርዱን አመካኝቼ አፌን በፎጣ ብጠመጥምም አስር አለቃው «በዓይንህ እየሳቅክ ነው» አለኝ።

አንድ እሁድ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። አባቴ ለልጆች ቁርዓን የሚያቀሩ ሸኽ ናቸው። በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ይዘውልኝ መጥተው ዕቃውን ጎንበስ ብለው ሲፈቱ አስር አለቃው ከች አለ።

«እንኳን ደህና መጡ አባባ። ይሄ ልጅዎ እየሳቀብኝ ተቸግሬያለሁ፤ እባክዎ ይምከሩልኝ።»

አባቴ ቀና ብለው አዩት። ያው ከንፈር፣ ያው ጥርስ፣ ያው ዓይን። አስር አለቃው ክው ብሎ ቀረ።

«እርስዎም... ይስቁብኛል?»

«እኔ? ወላሂ ከአቀስታ ድረስ በሚኒባስ ጉልበቴ ታጥፎ ነው የመጣሁት፤ ገና አልተዘረጋልኝም። ምን ያስቀኛል ልጄ?» አሉ፣ ፊታቸው በሳቅ እንደበራ። «ለቅሶ ስሄድ ሰው ይቀየመኛል። የማቀራቸውን ደረሶች ስቆጣ የተጫወትኩ መስሏቸው ይስቃሉ። አባቴም እንዲሁ ነበሩ። አፉ በለን፣ ሌላ ፊት የለንም።»

ከዚያ ጭኮውን ከፍተው «ቁጭ በል፣ ቅመስ» አሉት። እምቢ ማለት አልቻለም፤ ከእኛና አብሮን ከነበረው ከወረኢሉው ልጅ ጋር ተቀምጦ መብላት ጀመረ። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት። «አላህ ዕድሜህን ያርዝመው። ከክፉ ይጠብቅህ። ይሄን የተቋጠረ ፊትህንም ይፍታልህ!»

«አሚን!» አለ የወረኢሉው ልጅ፣ በዚያ በሐዘን ፊቱ፣ ከሁላችንም ጮክ ብሎ።

አስር አለቃውን ጭኮው ትን አለው። ሳል ይሁን ሳቅ እስካሁን አልለየሁትም።

በማግስቱ ሰልፍ ላይ «አንተ፣ ከዛሬ ጀምሮ የመጨረሻው ረድፍ! ፊትህን እንዳላየው» አለኝ። ይቅርታ መጠየቁ እንደሆነ ገባኝ። ከፊቴ ግን ረጃጅሞቹ ቆመው ምንም አያሳዩኝም፤ ትእዛዙንም ነፋሱ ይወስደዋል። ሁሉም ወደ ቀኝ ሲዞር እኔ ወደ ግራ ዞሬ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ብቻዬን ወደ ወጥ ቤቱ ገሰገስኩ። የወጡ ሽታ ሲደርሰኝ ነው ጩኸቱን የሰማሁት።

ፑሽ አፕ ታዘዝኩ። ጭቃው ላይ ስወርድና ስነሳ ልቤን አንዳች እረፍት ተሰማው። ከገባሁ ጀምሮ፣ በእርግጥ ባጠፋሁት ጥፋት ስቀጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ ብሎኝ ከታዘዝኩት በላይ ወረድኩ።