ውሃ አዳማጩ

የሥራ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል። ሥራው ከመሬት በታች የሚያፈስ ቧንቧ መፈለግ ነው። የብረት ዘንግ አስፋልቱ ላይ ያቆማል፤ የላይኛውን ጫፍ ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ውሃ ሲሰማ ቦታውን በጠመኔ ይከባል፤ ቆፋሪው ይቆፍራል።

ማጅራት ገትር ይዞት ሆስፒታል ከረመ። ሲወጣ ቀኝ ጆሮው ጭራሽ ደንቁሯል። ግራው ይሰማል፤ ምን እንደሚሰማ ግን ግራ ገባው። የሚስቱ ድምፅ ከባዶ በርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ማንኪያ ሳህን ሲነካ ጥርሱን ያመዋል።

«ቧንቧውን ዝጊው እንጂ» ይላታል።

«ዝግ ነው አልኩህ እኮ! ደግሞ ዛሬ ሥራ ልግባ ትላለህ? ስጠራህ እንኳ ግድግዳውን ነው የምታየው።»

«ካልገባሁ ዘንጉን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

ገባ። ፋርማሲው ፊት ለፊት ዘንጉን አቆመ። ውሃ ሰማ፤ ቦታውን ከበበ። ቆፋሪው ወገቡ ድረስ ወረደ።

«ጆሮ፣ አቧራ ነው! ሬሳዬን ልትቀብር ነው እንዴ የምታስቆፍረኝ?»

አለቃው ሰዓቱን አየ። «ይሁን፣ ሌላ ቦታ ሞክር።»

ጥግ ላይ ሞከረ፤ ውሃ። የመንገድ መብራቱ ስር ሞከረ፤ ያው ውሃ። መንገዱ በሙሉ ወንዝ ሆነበት። አንድ ቦታ መምረጥ ስላለበት ብቻ መብራቱ ስር ከበበ። ቆፋሪው ጥቂት እንደወረደ አካፋው ጭቃ ይዞ ወጣ።

«ጆሮ ተመለሰ!» አለ አለቃው፣ ትከሻውን መታ አድርጎ። ጆሮ በተሳሳተው በኩል ዞሮ ለፋርማሲው በር ፈገግ አለ። ውሃውን ሰምቶ ይሁን ገምቶ አላወቀም።

ሌሎቹ ቧንቧውን ሲጠግኑ፣ ዘንጉን ጆሮው ላይ እንዳለ ከመሬት አነሳው። የታችኛው ጫፍ ምንም አልነካም። ጆሮው ውስጥ ግን ውሃው መፍሰሱን ቀጠለ።

«ቀጣዩ መንገድ!» አለ አለቃው።

እዚያ ጆሮ ዘንጉን ለቆፋሪው ሰጠው። «እስቲ አንተ ስማው።»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ?»

«ድምፅ አለው ወይስ የለውም? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ቆፋሪው ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ አዳመጠ። «ምንም የለም። ዝም ነው።»

«ምን ሆናችኋል?» አለቃው መጣ። «ይቆፈር አይቆፈር?»

«አይቆፈር» አለ ጆሮ። «አለቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ እሱ ያዳምጥ። እኔ የምሰማው የመሬቱን ይሁን የራሴን ጆሮ አላውቅም።»

ጠመኔውን ለቆፋሪው ሰጥቶ አካፋውን አነሳ። ውሃው አሁንም ይፈሳል።